ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ የተቆጠረ ወለድ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ጂንካ፣ አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ አጠገብ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ያለ የአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም ቅርንጫፍ። ማዕረጌ ጀማሪ የብድር ባለሙያ ይባላል። አንድ ካልኩሌተር፣ ባለ ካርቦን የጊዜያዊ ደረሰኝ ጥራዝ፣ የጣት አሻራ ማስነሻ ሐምራዊ ቀለምና አንድ የገንዘብ ቦርሳ አስፈርመው ሰጡኝ።

"ዚፑ አይዘጋም" አልኳቸው ሥራ አስኪያጁን፣ አቶ ጌታሁንን።

"እስካሁን ምንም አልወደቀበትም" አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ፤ "ወለድ ምንድን ነው?"

"ሰው ሲተኛ የማይተኛ ነገር።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ግጥም ትጽፊያለሽ እንዴ?"

"አልፎ አልፎ።"

"ከሥራ ሰዓት ውጪ ጻፊ። አሁን ይችን አስይልኝ።"

ወረቀቱ ላይ አሥር ሺህ ብር፣ በዓመት አሥራ ስምንት በመቶ፣ በአምስት ዙር የሚመለስ ይላል። ዲፕሎማዬን የያዝኩት በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ስለሆነ ኮራሁ። አሥር ሺህን በአሥራ ስምንት በመቶ አባዛሁ፤ ሺህ ስምንት መቶ መጣ፤ የአምስት ወሩን ድርሻ ወስጄ ለአምስት ዙር አካፈልኩና ሰጠኋቸው።

አቶ ጌታሁን አንድ ጊዜ አይተው ወረቀቱን ገለበጡት። "አንቺ የመጨረሻ ሁለት ሺህ ብር የቀረበትን ሰው እንደ መጀመሪያው ቀን በአሥር ሺህ ታስከፍይዋለሽ። እኛ የምናሰላው በቀረው ላይ ነው። ያውም በየቀኑ።"

በየቀኑ ማለት እንዲህ ነው። የዓመቱ ወለድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ለሦስት መቶ ስድሳ አምስት ይካፈላል፤ በቀን አራት ብር ከዘጠና ሦስት ሳንቲም ይሆናል። ሁለት ሺህ ብር ሲመለስ የቀረው ስምንት ሺህ ስለሆነ የቀኑ ወለድ ወደ ሦስት ብር ከዘጠና አምስት ይወርዳል። በካርድም በስልክም የሚበደር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆጠርበት እንዲሁ ነው። ያን ቀን ገባኝ። ገባኝ ብዬ ለሌላ ሰው ላስረዳ ስሞክር ግን እኔም እንዳልገባኝ አወቅሁ።

ላስረዳ የተላክሁት ሐመር ወረዳ፣ ዲመካ ነው፣ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን። ከጂንካ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በሞተር ተነስቼ፣ ቀይ አፈር ከተማ ሻይ ጠጥቼ፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። የሚጠብቁኝ ከከብት ተራው አጠገብ ካለው ግራር ሥር አምስት ሴቶች ናቸው። በቡድን ዋስትና የሚበደሩ፤ አንዷ ካልከፈለች አምስቱም ባለዕዳ ይሆናሉ። የቡድኑ መሪ ኩሪ ትባላለች፤ ፍየል ነጋዴ ናት። ፍየልን ከሩቅ አይታ ክብደቱን የምትናገር፣ ስትናገር የማትሳሳት ሴት።

መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝን ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ዘረጋሁ። ጫፉን አንድ ፍየል መብላት ጀመረ።

"ስንት ነው የምትወስጂው?" አለች ኩሪ።

"በዓመት አሥራ ስምንት በመቶ፣ በቀሪ ሒሳብ ላይ።"

"እሱ ወሬ ነው። ስንት ነው የምትወስጂው?"

"እየቀነሰ የሚሄድ ነው…"

"ፍየሉ ከመብላቱ በፊት ነው የሚቀንሰው ወይስ ከበላ በኋላ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሠንጠረዡን ጠቅልዬ ተመለስኩ። ያን ዕለት አልተበደሩም።

በሌላ ጊዜ ሞተሩ ተበላሽቶ ከዲመካ በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ አንድ የሐመር ወጣት ተቀመጠ። እጁ ላይ ቋጠሮ የበዛበት ቀጭን ጠፍር አስሯል። ከቀይ አፈር ስንነሳ በምላጭ አንዱን ቋጠሮ ቆርጦ በመስኮት ጣለው።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ለከብት ዝላይ ድግስ ጠርተውኛል። በየቀኑ አንድ እቆርጣለሁ። ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው።" ቆጠረና "ስምንት ቀረኝ" አለ።

እኔ ከዚያ በኋላ ቋጠሮውን ሳስብ መንገዱን አላየሁትም። እሁድ ከቸርች መልስ አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዝቼ አምስት ገመድ ላይ ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት ቋጠሮ ቋጠርኩ። ከቅዳሜ እስከ አራተኛው ቅዳሜ ሃያ ስምንት ቀን ነው።

ግራሩ ሥር እንደገና ተገናኘን። "ይሄ ቋጠሮ አንድ ቀን ነው" አልኩ። "አሥር ሺህ ብር እጃችሁ ላይ እያለ አንዱ ቋጠሮ ወደ አምስት ብር ነው። ሃያ ስምንቱ ሲያልቅ ሁለት ሺህ ከነወለዱ ትከፍላላችሁ። በሁለተኛው ዙር ቋጠሮው አራት ብር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሳንቲሙን እኔ አሰላለሁ።"

ኩሪ ቋጠሮዎቹን በጣቶቿ ቆጠረች። "መሃል ላይ ፍየል ሸጬ አምስት ሺህ ብሰጥሽስ?"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀሩት ቋጠሮዎች በግማሽ ይረክሳሉ።"

"ዛሬ ገና ተናገርሽ" አለች። ከዚያ አራቱን ሴቶች አየቻቸውና በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተባባሉ። "ገመዱን የሰጠሽን አንቺ ነሽ? ራስሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"መሥሪያ ቤትሽ አይደለም?"

"ሐሳቡ የራሴ ነው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"እሺ" አለችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ጂንካ ድረስ መጥተው እያንዳንዳቸው አሥር ሺህ ብር ወሰዱ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ዲመካ ስደርስ ግራሩ ሥር አምስት ሴቶች አልነበሩም። ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። የባል ወንድሞች፣ አማቶች፣ ከሩቅ መንደር የመጡ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ይዘውት በመጡት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በርኩማቸው ላይ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ብር ከስምንት ሳንቲም ከፈሉ። ደረሰኝ ጻፍኩ፣ ቀኑን አሰፈርኩ፣ አሻራ አስነሳሁ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ። ማንም አልተነቃነቀም።

"ምን ቀረ?" አልኩ።

"ድግሱ" አለች ኩሪ።

"የምን ድግስ?"

"ገመድ የሰጠ ሰው ደጋሽ ነው። ቋጠሮው ሲያልቅ የጠራቸውን ያበላል። እነዚህ ሰዎች ቀን ቆጥረው መጡ። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ የጠራሽን ብራችንን ልትወስጂ ብቻ ነው?"

ፊቷ ላይ ምንም ሳቅ የለም። አራቱ ግን መሬት መሬት እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በእውነት ይሁን በጨዋታ ዛሬም አላውቅም። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው፤ እነሱ የምር ርቧቸዋል።

ሁለት ፍየል አሳረድኩ። ፍየሎቹን የገዛሁት ከራሷ ከኩሪ ነው። አንድ ብር አልቀነሰችልኝም።

ሰኞ የወጪ ማወራረጃ ቅጽ ላይ "የደንበኞች ሥልጠና፣ ሁለት ፍየል" ብዬ ጻፍኩ። አቶ ጌታሁን ቢሮአቸው ጠሩኝ።

"ምሕረት፣ ፍየል የሥልጠና ቁሳቁስ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የዲመካ ቡድን መቶ በመቶ ከፍሏል።"

"ከፍሏል። በልቷልም።" ቅጹን መለሱልኝ። የፍየሎቹ ዋጋ ከደመወዜ ሄደ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ገመዱን ኩሪ ራሷ እንድትቋጥር አደረግሁ። እንግዲህ ደጋሿ እሷ፣ እንግዳዋ እኔ ሆንኩ፤ በየዙሩ መጨረሻ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሸፈሮ በቅል እየጠጣሁ ከሰርኩ ያልኩትን በትንሹ አካካስኩ።

አምስተኛው ዙር ሲቃረብ ኩሪ ጉዳይ አለኝ አለች። ዲመካ ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያለው ሰው፣ አቶ ዘለቀ፣ ወደ አርባ ምንጭ ሊዛወር ነው፤ ወፍጮውን ይሸጣል። አምስቱ ሴቶች በጋራ ሊገዙት ተስማምተዋል። ሰውየው የሰጣቸው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከሚከፍሉበት ቅዳሜ በኋላ ያለው ሐሙስ። ካልሆነ ፈቶ ይጭነዋል። ገንዘቡ ሊገኝ የሚችለው ከእኛ በሚወስዱት ሁለተኛ ብድር ነው፤ ሁለተኛው ብድር የሚሰጠው ደግሞ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው።

"ቅዳሜ እንከፍላለን። ረቡዕ መጥተን እንፈርማለን። ሐሙስ ወፍጮው የእኛ ነው" አለች።

"ምንም ችግር የለውም" አልኩ። ያን ቃል ዛሬ ብመልሰው ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ሁሉም የመጨረሻውን ሁለት ሺህ ሃያ ሰባት ብር ከስድሳ ሁለት ሳንቲም ከፈሉ። ረቡዕ ጠዋት ኩሪ ከአንዲት የቡድኑ አባል ጋር በሚኒባስ ጂንካ ገባች። የሒሳብ ሠራተኛችን ወይዘሮ አልማዝ ወረቀቱን ከማተሚያው አወጣችና ፊቷ ተለወጠ። በእያንዳንዷ ሴት ስም አሥራ አምስት ብር ከስድሳ ሦስት ሳንቲም ያልተከፈለ ዕዳ አለ። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ብድር አልቀበልም ብሏል።

አቶ ጌታሁን ከክፍላቸው ወጡ። "አሥራ አምስት ብር እኮ ነው። ክፈሉና ይዘጋ።"

እኔም እንዲሁ አሰብኩ። ለአምስት ሰው ሰባ ስምንት ብር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ነው። ከኪሴ ሰማንያ ብር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ኩሪ እጇን ብሩ ላይ ጫነችና ወደ እኔ ገፋችው።

"ይሄን ከከፈልሽ ዕዳ ነበረብን ማለት ነው" አለች። "አልነበረብንም።"

"ኩሪ፣ ነገ ሐሙስ ነው። ወፍጮው…"

"ወፍጮው ሊሄድ ይችላል። አውቃለሁ።" ወደ አቶ ጌታሁን ዞረች። "አንተ ትልቅ ሰው ነህ። የትኛው ቀን ነው ሳንከፍል ያሳለፍነው? ቀኑን አሳየኝ። ካሳየኸኝ ከራሴ እከፍላለሁ።"

አቶ ጌታሁን ቀኑን ማሳየት አልቻሉም። ወደ እኔ አዩ። እኔም አልቻልኩም።

ኩሪ ወደ ዲመካ ተመለሰች። ስትወጣ የተናገረችው፣ "ሐሙስን እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ቀኑን ፈልጊ" የሚል ብቻ ነው።

የካርቦን ደረሰኞቼን በግራ፣ የኮምፒውተሩን ወረቀት በቀኝ ዘረጋሁ። እኔ የጻፍኩት ሁሉ ቅዳሜ ነው። የታተመው ሁሉ ማክሰኞ ነው።

ነገሩ ይሄው ነበር። ቅዳሜ ከዲመካ ስመለስ ቢሮው ተዘግቶ ይጠብቀኛል። አቶ ጌታሁን ከቤታቸው መጥተው ካዝናውን ይከፍቱልኛል፤ ገንዘቡ ገብቶ ይቆለፍበታል። እሁድ የለም። ሰኞ ስብሰባና ሪፖርት ነው። አልማዝ ኮምፒውተሩ ላይ የምታስገባው ማክሰኞ ነው። ብሩ በእኛ ካዝና ውስጥ በእኛ ቁልፍ ተቆልፎ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ግን ኩሪ እጅ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ለሦስት ቀን ያስከፍላታል።

በመጀመሪያው ዙር እኔ ሃያ ስምንት ቀን አስከፈልኩ፤ ኮምፒውተሩ ሠላሳ አንድ ቆጠረ፤ ከዚያ ወዲያ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ስለሚቆጥር እሱም ሃያ ስምንት ነው። የሦስቱ ቀን ወለድ አሥራ አራት ብር ከሰባ ዘጠኝ ሳንቲም ነው። ክፍያ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ወለድ ነው፤ የተረፈው ነው ከዋናው ብድር የሚቀነሰው። ስለዚህ የጎደለው ዋናው ብድር ላይ ተጨምሮ አደረ። ከዚያ እሱ ራሱ ወለድ ማስከፈል ጀመረ። በአራት ዙር ሰማንያ አራት ሳንቲም ጨመረ። አሥራ አምስት ብር ከስድሳ ሦስት የሆነው እንዲህ ነው። በአምስት ወር ውስጥ ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አላስቀመጠም። እኔም ጭምር።

ደረሰኞቹን ይዤ አቶ ጌታሁን ጋ ገባሁ። አስረዳኋቸው።

"ሦስት ቀን ምን አላት?" አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። "ይህን ከጻፍኩ የዲመካ ብቻ አይደለም። ካንጋተን፣ ሃና፣ በየገበያው የሰበሰብነው ሁሉ ይነሣል።"

"ይነሣል።"

"አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን አትወጂውም?"

ይህን እያሉ ከደረሰኞቹ አንዱን ገለበጡት።  ስጨነቅ ከደረሰኝ ጀርባ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ያን ቀን ጠዋት በብሩ አንደበት ሁለት መስመር ጽፌ ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ካዝና ተኝቼ፣
ማክሰኞ ወጣሁ ወለድ አምጥቼ።

አቶ ጌታሁን ሳቁ፤ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ። እንደገና አነበቡት። ሳቁ ቆመ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደና የካዝናውን ቁልፍ አውጥተው አዩት። በየቅዳሜው ገንዘቡን የቆለፉበት እሳቸው ናቸው።

"አልማዝ!" ብለው ተጣሩ። "ለምንድን ነው ማክሰኞ የምታስገቢው?"

አልማዝ በሩ ላይ ቆመች። "ሰኞ እርስዎ ስብሰባ ስለሚጠሩን ነዋ።"

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ተጻፈ። ሠላሳ አራት ቃል ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አቶ ጌታሁን ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፤ "ስህተት" የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ሰርዘው "ክፍተት" አሉት። እኔ የደረሰኞቹን ቅጂና በገመዱ ቀን የቆጠርንበትን ማብራሪያ አባሪ አድርጌ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ሐሙስ መልስ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ወፍጮው ሄዷል ብዬ አዝኜ ቅዳሜ ሌላ ቡድን ለመሰብሰብ ዲመካ ወረድኩ።

ወፍጮው እየጮኸ ነው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። አቶ ዘለቀ ዱቄት ለብሰው፣ መፍቻ በኋላ ኪሳቸው ሰክተው ወጡ።

"እናንተ ናችሁ ያመጣችሁብኝ!" አሉኝ። "ሐሙስ ጠዋት ልፈታው መፍቻ ይዤ ስወጣ ሃያ ሴት ማሽላ ይዞ ቆሟል። እሺ፣ እነሱን ጨርሼ እፈታለሁ አልኩ። ስጨርስ ሌላ ሃያ! አንዷ ግማሽ ጣሳ ይዛ ነው የመጣችው። ግማሽ ጣሳ! ሌላዋ ጠዋት የፈጨሁላትን ዱቄት ከሰዓት መልሳ አመጣችው።"

"ለምን?"

"አልላመም አለችኝ።"

"ለምን አልመለሷቸውም?"

"ይከፍላሉ እኮ! ብር እየገባ በምን አንጀቴ ሞተር ላጥፋ?"

ኩሪ ሰልፉ መሃል ቆማ ነበር። አላየችኝም መሰለኝ፤ የሰልፉን ጫፍ እያየች ለአንዲት ልጃገረድ ባዶ ጣሳ ታቀብላለች። ስታልፍ ግን ጎኔን በክርኗ ነካችው። "ስንት ቀን ልያዘው? የመንደሩ ማሽላ አለቀ።"

መልሱ ሰኞ መጣ። ሁለት አንቀጽ ነበረው። በመጀመሪያው፣ በገበያ የሚሰበሰብ ክፍያ በጊዜያዊ ደረሰኙ ቀን እንዲመዘገብ፣ የአምስቱ ሴቶች ሒሳብ ተስተካክሎ እንዲዘጋ፣ የሌሎቹም ገበያዎች እንዲመረመሩ ይላል። በሁለተኛው፣ የብድር ባለሙያዋ ከመመሪያ ውጪ በገመድ ወለድ በማስላቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ያዛል። ለሁለቱም አንቀጽ ፈርሜ ተቀበልኩ። የሌሎቹ ገበያዎች ምርመራ ብዙ ወር ፈጀ፤ ለአንዳንዱ ተመለሰለት፣ አድራሻው የጠፋው ቀረ።

በማግስቱ አምስቱ ሴቶች ለሁለተኛው ብድር ጂንካ መጡ። አልማዝ ውሉን አቀረበች። ኩሪ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ከማሳረፏ በፊት አነሳችው።

"ዛሬ ነው የምትጽፊው?"

"ዛሬ ነው" አለች አልማዝ።

"እኛ ስንከፍልስ?"

"በከፈላችሁበት ቀን።"

"እሱንም እዚህ ጻፊው።"

አልማዝ አቶ ጌታሁንን አየች። አቶ ጌታሁን እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አልማዝ ከውሉ ግርጌ በእስክርቢቶ ጻፈችው፣ አቶ ጌታሁን ማኅተም አደረጉበት፣ ኩሪ አሻራዋን አኖረች። ያን ዕለት ሳይመሽ ወፍጮው የእነሱ ሆነ። አቶ ዘለቀ ተረካክበው ሲጨርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መፍቻውን ለኩሪ መስጠት ነበር፤ ሁለተኛው ቁጭ ማለት።

በዚህ ሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አሁን ብድሩ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ክፍያው በደቂቃ ይመዘገባል ይባላል፤ ካርድም እየመጣ ነው። አዲስ ለሚቀጠሩት የማስተምረው አንድ ነገር ነው። ወለድ ክፍያው እስከሚመዘገብበት ቀን ድረስ ይቆጠራል። ደረሰኝ ስትሰጡም ስትቀበሉም ከብሩ በፊት ቀኑን አንብቡ።